የኳሱ ሌላኛው ግማሽ

ጥቅምት 6፣ 2018፤ ቴፒ

ደብተሩን የሰጠችኝ ማናልሞሽ ናት። “ቤት ውስጥ ለብቻህ ከምታጉረመርም እዚህ ላይ ጻፈው” አለችኝ። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ለአገሩ ሁሉ ስታዝ ውላ ለእኔም ይህን አዘዘችልኝ።

ዛሬ የሚጻፍ ነገር አለ። ተማሪዬ ዲቦራ ውጭ አገር ለዶክትሬት ተቀባይነት አገኘች። ከኮሌጃችን የፊዚክስ ክፍል የመጀመሪያዋ ናት። ስልኳን ይዛ ቢሮዬ ገባች።

“መምህር፣ እስቲ እርስዎ ያንብቡት፤ እኔ በትክክል ያነበብኩት አልመሰለኝም።”

አነበብኩላት። ሙሉ ወጪዋን ይሸፍናሉ። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ የማስተርስ ጥናቷን ተከላክላ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ማለፍ አለባት። ካላለፈች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

“ታኅሣሥ እኮ ደረሰ” አለች።

“ሥራው አልቋል፤ የቀረሽ መጻፍ ብቻ ነው” አልኳት።

ሥራው የኔም ነው። ለራስ ደብተር ማስረዳት ሞኝነት ቢሆንም፣ ማናልሞሽ አንድ ቀን ገልጣ ማንበቧ ስለማይቀር ልጻፈው። ከቁንዶ በርበሬ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ኳስ አለች። ውስጧ የቀዘቀዘ ሃይድሮጅን ነው። ከየአቅጣጫው ኃይለኛ የሌዘር ጨረር በአንድ ቅጽበት ይለቀቅባታል፤ ቅርፊቷ ይተንና ውስጧ ይጨመቃል፤ መሃሏ ከፀሐይ እምብርት በላይ ሲሞቅ አተሞቹ ይዋሃዳሉ፣ ጉልበት ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ሌዘር ያላቸው አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኛ ያለን አንድ ኮምፒውተር ነው፤ ፍንዳታውን በቁጥር እንሠራዋለን። ችግሩ ያለው እኩል መግፋቱ ላይ ነው። ጨረሮቹ እኩል ካልገፏት ኳሷ ቅርጿን አጥታ ሳትሞቅ ትበተናለች። እኔና ዲቦራ ያልነው፣ ጨረሮቹ በኛ አደራደር ከተደረደሩ አለመመጣጠኑ አምስት በመቶ ቢደርስ እንኳ ኳሷ ትችለዋለች ነው። አምና በመጽሔት ታትሟል፤ የኔ ስም ቀድሞ፣ የሷ ተከትሎ።

እዚህ መብራት መጥቶ ሳይቋረጥ አምስት ሰዓት ከቆየ እልል ነው። ሙሉዋን ኳስ ማስላት ግን አሥር ሰዓት ይፈጃል። ፕሮግራሙ አሮጌ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የደረሰበትን ረስቶ ከሀ ይጀምራል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆየው የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ሁለት ዓመቱ። ታዲያ መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፦ የላይኛውን ግማሽ ብቻ እናስላ፤ የታችኛው በመስታወት እንደሚታይ ያው ነው። አምስት ሰዓት ሆነ። ዲቦራ ያን ቀን አጨበጨበችልኝ፤ እኔም ራሴን ከሊቃውንት ቆጠርኩ።

ጥቅምት 11

ዝናብ። መብራት የለም። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ለዲቦራ ሰጥቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ስለኛ ኳስ ልታስረዳቸው ከኪሷ እሸት ቡና አወጣች፤ ከሸኮ፣ ከአባቷ ማሳ ያመጣችው ነው።

“ይኼን በሁለት ጣት ስትጨምቁት ፍሬው ምን ይሆናል?”

“ይሾልካል!”

“ወዴት?”

“ወደ አንድ ጎን!”

ጨመቀችው፤ ፍሬው አፈትልኮ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውን ልጅ ግንባር መታው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ በአሥራ አራት ዓመት ማስተማር እንዲህ አስቄ አላውቅም።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ “መምህር፣ የኛዋ ኳስ ግን ለምን ወደ ጎን ሾልካ አታውቅም?” አለችኝ። “ትጠፈጠፋለች፣ ትረዝማለች፤ ከመሃል ግን ንቅንቅ አትልም።”

“አደራደራችን ጥሩ ስለሆነ ነዋ!”

“እሺ” አለች። ጥሩ ጥያቄ ነበር። የተቻኮልኩት ለስብሰባ ነው።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

መብራት ከማለዳ እስከ ማታ አልጠፋም። እግዜር ይስጣቸው። ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ሙሉዋን ኳስ አስነሳሁ፤ ለዲቦራ የጥናት መከላከያ አንድ ያማረ ሥዕል ላበረክትላት ብዬ። አለመመጣጠኑን ሁለት በመቶ ብቻ አደረግኩት። ሁለት በመቶ ለኛ ቀልድ ነው።

አመሻሽ ላይ ወጣ። ኳሷ መሃል ላይ የለችም።

ቁጥር ተሳስቼ ይሆናል። ነገ አያለሁ።

ጥቅምት 17

ያስገባሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። የተሳሳተ የለም።

ምሳ አልበላሁም።

ገባኝ። አንድ ሰዓት ያህል ግድግዳውን እያየሁ ነው የገባኝ። የታችኛው ግማሽ የላይኛውን እየቀዳ እኮ ነው የኖረው። ከላይ በርታ ብሎ ቢገፋ፣ ከታችም በዚያው ልክ ይገፋል። ሁልጊዜ ይጣፋል። እንዴት ወደ አንዱ ወገን፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፣ ትሂድ? መሄጃ የከለከልናት እኛ ነን። እኛ አይደለንም፤ እኔ ነኝ።

በእውነተኛው ሌዘር ታች ላይን አይቀዳም። በሁለት በመቶ ብቻ ኳሷ ሾልካ የሚወጣው ጉልበት ከግማሽ በታች ይወርዳል። አምስት በመቶ ትችላለች ብለን አሳትመናል።

ውጤቱን ቀን ጽፌበት ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ገና መረጋገጥ አለበት።

ጥቅምት 21

ነገ እነግራታለሁ። ሁለት ወር አላት፤ ሙሉውን አስልታ ምዕራፍ አራትን ብትቀይር ትደርሳለች። መብራት ካለ።

ወልደጻድቅ፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ በር ላይ አገኘኝ። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬ በሕዳር ለሴኔት ይቀርባል። “ያቺ የአምናዋ ጽሑፍ ናት ያነሳችህ፤ እሷ ባትኖር ዘንድሮም ትቀር ነበር” አለ፣ ትከሻዬን እየመታ። ይህን የምጽፈው ስለተባለ ብቻ ነው። ከዲቦራ ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው የለም።

ጥቅምት 22

ዲቦራ ሸኮ ሄዳለች፤ የቡና ለቀማ ነው፣ ለአባቷ እጅ ያስፈልጋቸዋል። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም።

ጥቅምት 27

ረቂቋን አመጣች። መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። አጥርታ የምትጽፍ ልጅ ናት፤ አንድ ትርፍ ቃል የላትም። ምስጋናው ላይ ስደርስ ቆምኩ። “መምህሬ ዓለምሰገድ በሌለን ነገር ከማልቀስ ባለን ነገር መሥራትን አስተማሩኝ” ይላል። አባቷንም አመስግናለች፤ አቶ ታፈሰ ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም፣ እሷን ግን እስከዚህ አድርሰዋል።

እፊቴ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ነጠላ ሰረዝ አስተካከልኩ። አሥራ ሰባት ነጠላ ሰረዝ።

“ሌላ አስተያየት የለም፣ መምህር?”

“ለጊዜው ይኼው ነው።”

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ደክሞኝ ነበር።

ሕዳር 3

ማናልሞሽ አውጣጣችኝ። ሦስት ቀን ሽሮዬን ሳልጨርስ ስነሳ አየችና “ወይ ታመሃል፣ ወይ ደብቀሃል፤ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ” አለች። ነገርኳት፤ ስለ ግማሹ፣ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ሁለት በመቶው። የፊዚክሱን ግማሹን አልሰማችም፤ የቀረውን ግን በደንብ ሰምታለች።

“ልጅቷ ታውቃለች?”

“ገና ነው።”

“መቼ ነው ያወቅኸው?”

“በቅርብ።”

“በቅርብ መቼ?”

ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረች። “እኔ የወላድ ደም ሲፈስ አይቼ አሥራ ሰባት ቀን ብቆይ ምን ትለኝ ነበር?” አለች።

“ይኼ የሰው ነፍስ አይደለም።”

“ነፍስ መሆን አለመሆኑን ለልጅቷ ተውላት” ብላ ሳህኑን አነሳች። ተናደድኩ። ሚስቴ ለሁሉ ነገር የወሊድ ክፍል ታመጣለች።

ሕዳር 8

የመምህራን ሻይ ቤት። ከኋላዬ እንደተቀመጥኩ ያላወቁ ሁለት ሰዎች።

“ያቺ የሸኮ ልጅ እኮ ልትሄድ ነው።”

“ዓለምሰገድ አለላት፤ ምን ትሆናለች ብለህ!”

“ኧረ ተው፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።”

ሳቁ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። እነሱ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ነገር ለማሳመር ነው የተናገሩት። ቀኑን ሙሉ ግን ጆሮዬ ላይ ነበር።

ሕዳር 12፣ ሚካኤል

ቅዳሴ። ቆሜ ተሳልኩ፦ ጾሙ ከመግባቱ በፊት እነግራታለሁ። ጾሙ ሰኞ ይገባል። ሦስት ቀን ለሰው ልጅ በቂ ነው።

ሕዳር 16

ጾሙ ትናንት ገባ።

ዛሬ ግን ጠራኋት። ጠርቼ በሩን ዘጋሁ። “ዲቦራ፣ ስለ ስሌቱ አንድ ነገር” ብዬ ጀመርኩ። ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ። በዚያው መሃል ስልኳ ጠራ፤ አባቷ ናቸው። ከወዲያ ማዶ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። ዘጋችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። “ጸሎት ላይ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን በየሳምንቱ ስለኔ ይጸልያል፤ አባዬ ለቀበሌው በሙሉ ተናግሯል” አለች።

እና ምን አደረግኩ? ምዕራፍ ሦስት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድትጨምር ነገርኳት፦ “ለስሌት እንዲመች የሉሉ ግማሽ ተወስዷል።” ይኼ ውሸት አይደለም። ማንም ያነበበ ይረዳዋል። የሚረዳ ሰው ካለ።

ጻፈችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆየች።

“ይኼ ብቻ ነው፣ መምህር?”

“ይኼ ብቻ ነው።”

ስትወጣ በሩን በጣም ቀስ ብላ ዘጋችው። ምን አስባ ይሆን? ምንም አላሰበች ይሆናል።

ሕዳር 22

ሀይደር፣ የላብራቶሪው ቴክኒሺያን፣ የእሑድ ቁልፍ ለዲቦራ መስጠቱን ነገረኝ። ሁለት እሑድ ሆኗታል፤ ጎህ ሲቀድ ገብታ ማታ ነው የምትወጣው።

“ምን ትሠራለች?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? ትልቁን ኳስ ነው ብላኛለች። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ሠርቶላት መብራት ጠፋ። አለቀሰች መሰለኝ፤ ወጥቼ ሄድኩላት።”

ለሥዕል ይሆናል። ለመከላከያ ያማረ ሥዕል ያስፈልጋል።

ሕዳር 24

ሴኔቱ አጸደቀልኝ። ተባባሪ ፕሮፌሰር። ወልደጻድቅ አቀፈኝ። ማናልሞሽ “እንኳን ደስ አለህ” አለችና ወደ ሥራዋ ወጣች።

ታኅሣሥ 3

መከላከያዋ የዛሬ ሳምንት ነው። የውጭ ፈታኙ ዶክተር ሰይፈዲን ናቸው፤ ከጅማ በሚዛን በኩል ይመጣሉ። ጠንቃቃ ሰው ናቸው ይባላል። እኔ ፊት መለማመድ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልፈለገችም። ይልቅ ከሰዓት በኋላ ሳትጠራ መጣች። ደብተርም ኮምፒውተርም አልያዘችም። ተቀመጠች።

“መምህር፣ ከአርብ በፊት የሚነግሩኝ ነገር አለ?”

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፈትኩ። ከዚያ፣ አሁን ብነግራት አንድ ሳምንት ለምን ይጠቅማታል፣ ከማስደንገጥ በቀር፣ ብዬ አሰብኩ። አሁን መንገር ጭካኔ ነው። በጥቅምት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር።

“ስትናገሪ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ” አልኳት። “ኋላ ያሉት አይሰሙሽም።”

“እሺ” አለች። ትንሽ ተቀመጠች፤ ከዚያ ተነሳች።

እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር። ወይም አውቅ ነበር።

ታኅሣሥ 10

ሁሉንም እንዳለ ልጻፈው፤ ነገ አሳምሬ እንዳላስታውሰው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አባቷ አልመጡም፤ ቡናው የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ዝናብ ደግሞ አስፈራርቷል። የሸኮ ልጆች ግን ሦስት ረድፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች፤ እንዳዘዝኳት።

አርባ ደቂቃ ሁሉም ጥሩ ነበር። ከዚያ ዶክተር ሰይፈዲን መነጽራቸውን አወለቁ። “ምዕራፍ ሦስት ላይ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች” አሉ። “የሉሉ ግማሽ ተወስዷል ትላለች። ሌላኛው ግማሽ ተሰልቷል ወይስ ተገልብጦ የተቀዳ ነው?”

ዲቦራ ወዲያው አልመለሰችም። ወደኔ ዞረች። አማካሪ እንደመሆኔ ከፈታኞቹ ጎን ነበር የተቀመጥኩት፤ ከፊቴ የውሃ ጠርሙስ ነበር። የጠርሙሱን ክዳን አየሁ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ሰው ኋላ ሳለ።

“የተቀዳ ነው” አለች። “ሙሉውን ሳሰላው ኳሷ ወደ ጎን ትሄዳለች።” ከመጨረሻው ገጽ በኋላ ያልጠበቅኩት አንድ ሥዕል አሳየች። ያቺው ኳስ። ያው መሾለክ። አንድ እሑድ መብራት ጨርሶላታል ማለት ነው። “የምዕራፍ አራት ድምዳሜ ስህተት ነው” አለች፤ ድምፅዋን አሁንም ከፍ አድርጋ።



“ግማሹን ለመቅዳት የወሰነው ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“ለአማካሪሽ አሳውቀሻል?”

“አላሳወቅኩም።”

ዶክተሩ ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ክፋት አልነበረበትም። “ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?” በአዲሱ ማዕረጌ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

“አላየሁትም ነበር” አልኩ።

ሁለት ቃል ብቻ ነው። ጠርቶ ነው የወጣልኝ፤ አልተንተባተብኩም እንኳ።

ፈታኞቹ ወጥተው ተመካከሩ። ተመልሰው ሐቀኝነቷን አመሰገኑ፤ እንዲህ ዓይነት ተማሪ አይተው እንደማያውቁም ተናገሩ። ሥራው ግን ሊያልፍ አይችልም። ተስተካክሎ በአራት ወር ውስጥ እንደገና ይቅረብ። አራት ወር ማለት ሚያዝያ ነው።

የሸኮ ልጆች ከበቧት። እኔ ወረቀቶቼን ሰበሰብኩ። ሁለት ጊዜ ሰበሰብኳቸው።

ታኅሣሥ 11

ምንም። ማናልሞሽ “እንዴት ሆነች?” አለች። “ወደቀች” አልኳት። “አንተስ?” አለች።  አልጋዋን ወደ ልጆቻችን ክፍል ወሰደች። ሞቆኝ ነው ብላለች።

ታኅሣሥ 14

ወደ ላብራቶሪው ገባሁ። ማሽኑን አብርቼ የዲቦራን ሰነዶች ከፈትኩ፤ ሙሉውን ስሌት እንዴት እንዳካሄደችው ለማየት። ከሰነዶቿ መሃል አንዱ የሷ አይደለም። በኔ ስም የተቀመጠ፣ የጥቅምት 16 ቀን ያለበት። ቀድታዋለች። የቀዳችበት ቀን ሕዳር 10።

ሕዳር 10። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከማስጨመሬ በፊት። “ይኼ ብቻ ነው፣ መምህር?” ስትለኝ ታውቅ ነበር። ሳትጠራ መጥታ የተቀመጠች ቀንም ታውቅ ነበር። እንደማውቅ ታውቅ ነበር። አንድ ወር ሙሉ በሩን ከፍታ ስትጠብቀኝ፣ እኔ እሷን ከድንጋጤ የማድን መስሎኝ ነበር። አልመሰለኝም። እሱንም ራሴን ለማታለል ነው የጻፍኩት። የፈራሁት ማዕረጌን ነው። ይኸው ተጻፈ።

ለዲኑ ደብዳቤ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ሦስቱም “በሥራ ብዛት ምክንያት” በሚል ይጀምራሉ። ቀደድኳቸው።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

በሚኒባስ ሸኮ ሄድኩ። ቤታቸውን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ገና ከመውረዴ አንዲት ሴት “የዲቦራ መምህር” ብላ መራችኝ።

አቶ ታፈሰ ጓሮ ናቸው፤ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በእጃቸው ያገላብጣሉ። እናቷ ገበያ ሄደዋል። ሲያዩኝ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፤ ወንበር አስመጡ፣ ማር በሳህን አቀረቡ፣ የተቀቀለ ጎደሬ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃል እየመረጡ ይናገራሉ።

“እንኳን መጡ፣ መምህር። ልጄ ነግራኛለች። መምህሬ እስከ መጨረሻ ከጎኔ ነበሩ ብላለች።”

ማሩን ሳልቀምስ ሳህኑን አስቀመጥኩ።

“ጋሽ ታፈሰ፣ ስህተቱ የሷ አይደለም። የኔ ነው። ግማሹን ቅጂ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ሰው ፊት የኔ ነው አለች።”

ከአልጋው ቀና አሉ። “እርስዎ እዚያ ነበሩ?”

“ነበርኩ።”

“ስትናገር ሰምተዋል?”

“ሰምቻለሁ።”

“ምን አሉ?”

“አላየሁትም አልኩ።”

“አይተው ነበር?”

“አይቼ ነበር።”

አንድ ያልደረቀ ፍሬ ከቡናው መሃል ለቅመው ወደ ጎን አስቀመጡ።  “እነዚያ የጠየቋት ሰዎች አሁንም አሉ?” አሉኝ።

“አሉ።”

“ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣዎት?”

ሊሰድቡኝ አይደለም። በእውነት ሊያውቁ ፈልገው ነው። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግራ መጋባት ብቻ ነው፤ አክብሮታቸውንም አልቀነሱብኝም፣ “ይብሉ እንጂ” አሉኝ። 

ዲቦራ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። መኪና እስኪመጣ ቆምን። በነጠላ ጫማዋ ላይ የቡና ልጣጭ ተጣብቋል።

“ደብዳቤ እጽፋለሁ” አልኳት።

“እሺ፣ መምህር።”

“ለምን የኔ ነው አልሽ? ታውቂ ነበር እኮ።”

መንገዱን ነው የምታየው። “መጀመሪያ አልመለስኩም እኮ” አለች። “ፈርቼ አልነበረም ዝም ያልኩት። ለእርስዎ ነው ጊዜ የሰጠሁት። ከዚያ በላይ ዝም ካልኩ እርስዎን ማሳጣት ሆነብኝ፤ መምህር ደግሞ ሰው ፊት አይዋረድም፣ እንደዚያ ነው ያሳደጉን።”

“ቦታውስ?”

“ጊዜ እንዲጨምሩልኝ ጽፌ ነበር። ትናንት መለሱ። ለሌላ ሰጥተውታል።”

ሚኒባሱ መጣ። በሩን ከፍታ ያዘችልኝ፤ ሻንጣዬን አቀበለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ደስ ባለኝ።

ታኅሣሥ 21

ዛሬ ጠዋት ወልደጻድቅ ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የአማካሪ መለወጫ ቅጽ አለ፤ ዲቦራ ሞልታ ያስገባችው። የቀድሞው አማካሪ ካልፈረመ አይሄድም።

ስሟ፣ መታወቂያ ቁጥሯ፣ የጥናቱ ርዕስ፣ ሁሉም በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ተሞልቷል። “የለውጡ ምክንያት” የሚለው ቦታ አራት መስመር ነው። ባዶ ትታዋለች።

“ምክንያት አልጻፈችም፤ መዝገብ ቤት ይመልስባታል” አለ ወልደጻድቅ። “አንተ ‘በሥራ ብዛት’ ብለህ ሙላላት፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።”

እስክሪብቶ ተቀበልኩት። “አማካሪው ስህተቱን ራሱ አዝዞ፣ ከጥቅምት 16 ጀምሮ እያወቀ ደብቋል፤ በመከላከያው ቀን በፈታኞች ፊት ዋሽቷል። ተማሪዋ ጥፋት የለባትም” ብዬ ጻፍኩ። አራቱም መስመር ሞላ። ፈረምኩ፣ ቀን ጻፍኩ። ለመጽሔቱም ጽሑፉ እንዲነሳ እጽፋለሁ አልኩት።

ወልደጻድቅ ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱ ተለዋወጠ። “ይኼ ማዕረግህን ይወስደዋል” አለ። “ለልጅቷስ ቦታዋን ይመልስላታል?”

“አይመልስም።”

“ታዲያ ለምን?”

ከመሳቢያው ሌላ ባዶ ቅጽ አውጥቶ ዘረጋልኝ፤ እንደገና እንድሞላው ለመነኝ። አልተቀበልኩትም። የሞላሁትን ራሴ ይዤ መዝገብ ቤት ወረድኩ። ጸሐፊዋ ሳታነበው ማኅተም አደረገችበትና “ቀጣይ” አለች።